ቦታ ቁጥር አሥራ ሁለትን ከካርታ ለሰረዙት ሹም

ለክቡር አቶ ሌስተር ፔንሃሎ
የሦስቱ ሸለቆዎች የመናፈሻና የካምፕ አስተዳደር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ማስክዎ ከአፍንጫዎ ሳይወርድ፣ እጅዎ በሳሙና ብዛት ሳይሰነጠቅ፣ የክትባት ተራዎም ሳይዘለል ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። ጉዳዬን በጋዜጣ ያወጣሁት ክብርዎን ለመዳፈር ሳይሆን፣ በፖስታ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ቢሮዎ ውስጥ ወሸባ ከገቡ አሥር ወር ስላለፋቸው ነው።

እንደሚያውቁት፣ ወይም ደብዳቤዎቼ ተከፍተው ቢሆን ኖሮ እንደሚያውቁት፣ እኔና ታላቅ እህቴ ኢርማ በጎማ የሚሄዱ የመኪና ቤቶቻችንን በሄረን ሐይቅ ካምፕ ጎን ለጎን አቁመን በየሐምሌው ጥቂት ቀን ማሳለፍ ከጀመርን ሃያ ስድስት ዓመት ሆነን። እሷ ቦታ ቁጥር አሥራ አንድ፣ እኔ አሥራ ሁለት። ኢርማ ሳንባዋ ደክሞ ኦክስጅን የምታገኘው ጎኗ ካለች ትንሽ ማሽን ነው። አምና በወረርሽኙ ምክንያት ቤቷ እንግዳ ማስገባት ተከልክሎ ስለነበር ከገና ወዲህ አልተያየንም ነበር። መሥሪያ ቤትዎ «በአካባቢዎ ብቻ ይስፈሩ» የሚል ትእዛዝ ሲያወጣና አካባቢ ማለት የጤና ቀጠና ማለት መሆኑን ሲገልጽ፣ ካርታ ዘርግተን አየን። እግዜር ይስጥዎ፣ የሰሜንና የደቡብ ቀጠና ድንበር የሚያልፈው በእሷና በእኔ ቦታ መካከል ባለችው ጥድ ሥር ነው። ኢርማ የሰሜን ነዋሪ ናት፣ በሰሜን ትሰፍራለች፤ እኔ የደቡብ ነኝ፣ በደቡብ እሰፍራለሁ። ከእኛ የበለጠ ሕግ አክባሪ ከወዴት ይገኛል?

እንግዲህ ለተደረገልን መስተንግዶ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በደረስኩ በማግስቱ የካምፑ ጠባቂ አቶ ዱዌይን መዝገብ ይዞ መጣና «ወይዘሮ ቬርና፣ እርስዎ እኮ ድንበር ጥሰዋል» አለኝ። ከበሩ እስከ ቦታዬ ያለው ሁለት መቶ ሜትር መንገድ ለካ የሰሜን ኖሯል። እንግዲያው ጠቅልዬ ልውጣ ስለው፣ «አይችሉም፤ ሲወጡም ይጥሳሉ» አለኝ። ኢርማ ከወንበሯ ሆና «ታዲያ ክንፍ አውጥታ ትብረርልህ?» ስትለው፣ ቢሮ ደውዬ እጠይቃለሁ አለ። በዚህ ዓይነት ለሦስት ቀን የመጣሁት ሴትዮ የመውጫ ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን የመንግሥት እንግዳ ሆንኩ። ከእህቴ ጋር ስምንት ቀን ስለጨመሩልን አመሰግናለሁ። በዕቅድ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ።

2ኛ. የመኪና ቤት ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የመጸዳጃ ታንክ መጠኑ የታወቀ ነው። ማራገፊያው ያለው በሩ አጠገብ፣ ማለትም በሰሜን ነው። በስድስተኛው ቀን ታንኬ ሞላ። ዱዌይን ደወለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ «ፍሳሹ የየትኛው ቀጠና እንደሆነ ተገልጾ ቅጽ ይሞላ» የሚል መልስ መጣ። እኔም ውሸት ስለማልወድ፣ ግማሹ የደቡብ እንደሆነ፣ ግማሹ ግን ኢርማ በትሪ ገፍታ ካቀበለችኝ በጭስ ከደረቀ የሳልሞን ዓሣ የተገኘ ስለሆነ በትውልዱ የሰሜን እንደሆነ ሞልቼ ፈረምኩ። ቅጹ እስካሁን በፋይልዎ ውስጥ እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ነገር የለም።

3ኛ. በየበሩ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ «አንድ የሆኪ መጫወቻ ዱላ ያህል ተራራቁ» ይላል። እኛም የኢርማን ሟች ባል የዋልተርን ዱላ በመካከላችን አጋድመን፣ እሷ ከጫፉ እኔ ከጫፉ ተቀመጥን። ዱዌይን በሜትር ሲለካው ከሚፈለገው ከሁለት ሜትር ጎደለ። ዋልተር አጭር ሰው ነበር፤ ዱላውንም በልኩ አስቆርጦት ነበር። በዚህ ጥፋት የኢርማ ወንበር በማስረጃነት ተወሰደ። ዱላው ሳይወሰድ የቀረው ባለቤቱ ሟች ስለሆነና መረከቢያ ላይ መፈረም ስለማይችል ነው። ወንበሩ ኢርማ ቀጥ ብላ፣ ደረቷ ሳይታፈን የምትቀመጥበት ብቸኛ ወንበር ነበር። የቀሩትን ቀናት ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ አሳለፈች። ዱዌይን ወንበሩን ሲጭን ቀና ብሎ አላየንም፤ እሱ ክፉ ሰው አይደለም፣ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው።

4ኛው መስተንግዶ ባለፈው ሳምንት በወረቀት ተጽፎ ደረሰኝ። «ቦታ ቁጥር 12 ሕግ ሳይጣስ ሊደረስበት ስለማይችል ከዘንድሮ በጋ ጀምሮ ከካርታ ተሰርዟል» ይላል፣ ከክቡር ፊርማዎ ጋር። የቀሩት ቦታዎች ሁሉ የሰሜን ስለሆኑ እኔ ሄረን ሐይቅ መድረስ አልችልም ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እርስዎን ሞኝ ማለቴ እንዳይመስልብኝ፣ ወረቀቱን ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና በግልጽ ልናገር፤ ተናድጃለሁ። በሚያዝያ የኢርማ ሐኪም «የዘንድሮን በጋ ደስ ብሎሽ አሳልፊው» አላት። የከርሞውን ስሙን እንኳ አላነሳም። ኢርማ ስልክ ደውላ ይህን ስትነግረኝ ሳቀችና «አይዞሽ፣ ቦታዬን አስይዣለሁ፤ አንቺ ብቻ እንዳትቀሪ» አለችኝ። የምለምንዎ ሁለት መቶ ሜትር መንገድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጆች ጭኜ አንድ ቀን መስመር አልሳትኩም። መስኮቴን ዘግቼ፣ ካስፈለገም ትንፋሼን ይዤ፣ የሰሜንን አየር ሳልነካ አልፋለሁ።

ይህን ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ የሚያባክኑት ውድ ጊዜ ከአዲስ ማስታወቂያ ማርቀቂያ የተወሰደ መሆኑን ተረድቼ፣ ለሕዝቡም ጥቂት እፎይታ እንደሚሆን አምኜ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሁለት መቶ ሜትር የጎደላት፣
የሌለው ቦታ ሰፋሪ፣
ቬርና ሃልቮርሰን

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ለከርሞ ከኢርማ ስንት ሜትር መራቅ እንዳለብኝ በመወሰን አይድከሙ። ያንን ርቀት የሚወስነው ከእርስዎ የበላይ የሆነ አካል ነው፤ እሱም እንደ እርስዎ ደብዳቤ አይመልስም። ወንበሩ ግን ዘንድሮ ያስፈልገናል።