ቡናውን ከእግርህ አሳጥብ

ሙሐሲን፣
ለሳቅክበት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና፣ ለሁለተኛው ዙር ዲላ ሄጃለሁ። ሳቅ! ዱመርሶ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ማሽን ጣት ሲይዝ አገር ምድሩ "ይርጉን ጥሩ!" እንጂ "ሙሐሲንን ጥሩ!" ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?
ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው።
ትናንት ቆርቆሮ የቆረጠው እግርህ ላይ የተፈጨ ቡና ስነሰንስበት ደሙ ቀጥ አላለም? ባለፈው ዙር አሠልጣኙ "ቁስል ላይ ቡና የሚነሰንስ ፈተናውን ይወድቃል" ሲል፣ የጌዴኦን ሰው በሙሉ ያዳነው ቡና ነው ብዬ ዝም አሰኝቼዋለሁ!
ብቻ... ሱቁን ዝጋና ጤና ጣቢያ ሄደህ አሳጥበው። የቴታነስ መርፌም ተወጋ።
ነርሷ ማን ነሰነሰበት ካለችህ ጎረቤት በል፤ የአሠልጣኙ ሚስት ናት።
ካላመነችህ ስሜን ጥራ! ባሏ ፈተናውን ይጣለኝ፣ እንደገና እፈተናለሁ። ማታ ስመለስ ግን ሳትሄድ እንዳላገኝህ።
ይርጉ