ክላርኔት እንዲኖርበት ያዘዙኝ ሙዚቃ ስለ መጠናቀቁ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ፣ ጉልበትዎ ደረጃውን እንዴት እንደ ያዘው፣ በተለይም የሕንፃችን ኩራት የሆነው ጆሮዎ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ከደረጃው በስተቀኝ የምኖረው፣ እርስዎ በየስብሰባው "ያቺ ጫጫታ የምታመርተው ልጅ" እያሉ የሚያስተዋውቁኝ የፊልም ሙዚቃ ሠሪ ነኝ። እኔ ደህና ነኝ። የአባቴን ነገር ወደ ታች ስደርስበት እነግርዎታለሁ።

በኮሚቴው ጸሐፊ በኩል የላኩት መልእክት ደርሶኛል። ጸሐፊዋ፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ በሬን አንኳኩተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እንዳስረዱኝ፣ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከምርጫው በፊት የሚታይ፣ የአገልግሎት ዘመንዎን የሚያወሳ ፊልም እየተሠራልዎት ነው፤ ለእሱም እንደ ትልልቆቹ ፊልሞች ደረት የሚያስነፋ ሙዚቃ እኔ ጎረቤትዎ እንድሠራልዎ ፈልገዋል። እስከዚህ ድረስ ምንም አይደለም። ምስኪኗ ሴትዮ ሊሄዱ ካሉ በኋላ ግን ከደረጃው ተመልሰው "ረስቼው፣ ያን ጊዜ በር ላይ ቆሜ የሰማሁት ክላርኔት ይግባበት፣ ልብ የሚነካ ነገር ነበረ ብለዋል" አሉኝ።

እሰይ! ልብዎ በመነካቱ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ በበኩሌ በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ሳቁ ካለቀ በኋላም እንባው አልቆመም። ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲመጣ አይቼ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ያለውን ግን ገና መስማቴ ነው። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሥራ ጀመርኩ።

ሙዚቃው አልቋል። እያንዳንዱ ድምፅ ከየት እንደ መጣ ለባለቤቱ ማስረዳት የሙያችን ደንብ ስለ ሆነ፣ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ድምፅ የራስዎ ስለ ሆነ፣ ድካምዎ ሳይነገር እንዳይቀር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መክፈቻው ደወል። እንደሚያውቁት ስቱዲዮዬ መኝታ ቤቴ ነው። ግድግዳው ላይ ፍራሽ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በአባቴ ካፖርቶች መካከል አንድ ማይክሮፎን አለ። ቫዮሊኖቹ በሙሉ ከኮምፒውተር የሚወጡ ናቸው፤ የምሰማቸውም በጆሮ ማዳመጫ ስለ ሆነ ያ ሁሉ ኦርኬስትራ የእኔው ጆሮ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል፤ እግሬ ሥር የተኛችው ድመት እንኳ አትነቃም። እርስዎ ግን ሰሙት። ሰምተውም ችቦ በሚያህለው የቁልፍ ዘለላዎ የውሃ ቧንቧውን መምታት ጀመሩ፤ ቧንቧው ደግሞ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚሄድ ስለ ሆነ የላይኛው ፎቅ ሕፃን ሳይቀር ደንግጦ አለቀሰ። በማግስቱ "ሕፃን የምታስለቅሰው" ተብዬ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም የቧንቧውን ድምፅ ቀድቼዋለሁ። ፍጥነቱን ቀንሼ፣ ድምፁን አወፍሬ ስሰማው፣ የትልቅ ሰው ቀብር ላይ የሚደወል ደወል ሆኖ አገኘሁት። ፊትዎ በመጀመሪያ ብቅ የሚልበት ቦታ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ እንዴት እንደሚስማማዎት!

ሁለተኛ፣ ስለ መዘምራኑ። ጸጥታ እንዲከበር ደረጃ ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ "ጸጥታ!" እያሉ የሚጮኹት ጩኸት ነው። ገልብጬ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ፣ ከሩቅ የሚያጉረመርም ሕዝብ አድርጌዋለሁ። ነዋሪው በሙሉ ጋሽ ጸጥታ እያለ እንደሚጠራዎት ያውቁ ይሆን? ካላወቁ ከእኔ በመስማትዎ ይቅርታ፤ ልጆችዎም እንደዚያው ነው የሚሉት።

ሦስተኛ፣ ስለ ክላርኔቱ።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በማርሽ ባንድ ክላርኔት ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። ከእናቴ ሞት በኋላ ያሳደገኝ በዚያው ትንፋሹ ነው፤ ሙዚቃ ያስተማረኝም እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ጉሮሮውን ታመመ። ሐኪሞቹ ማንቁርቱን ካላወጣንለት አይተርፍም፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በሚበሳ ቀዳዳ ነው፣ መናገርም መንፋትም አይችልም አሉን። አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "እዚያ ቁም ሣጥንሽ ውስጥ አንዴ ብነፋልሽ ምን ይመስልሻል?" አለኝ።

በዚያን ጊዜ የምሠራለት ፊልም መጨረሻው ላይ፣ ቫዮሊኖቹ ወደ ኋላ ሲሉ አንድ ክላርኔት ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ነበረው። ያንን ቦታ ለአባቴ ጻፍኩት። እርስዎንም ላለማስቀየም ቀድሜ ቤትዎ ድረስ መጥቼ፣ ሆስፒታል የሚገባው በማግስቱ መሆኑን ሳልደብቅ ነግሬ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲታገሡን ለመንኩ። እርስዎም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አይዞሽ ልጄ፣ እንኳን ከሰዓት ቀኑን ሙሉ ይንፋ፣ ለታመመ ሰው!" አሉኝ። ያን ዕለት ያመሰገንኩዎት ከአንገት በላይ አልነበረም፣ ከአንጀቴ ነበር። ያቺን ምስጋናዬን እንዲመልሱልኝ በዚሁ ደብዳቤ እጠይቃለሁ፤ የሰጠኋት በስሕተት ነው።

አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ የባንዱን ኮት ለብሶ ተቀመጠ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለት፤ ቫዮሊኖቹን ከፈትኩለት፤ ነፋ። እንደዚያ ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም። የቀረውን ትንፋሽ ሁሉ አጠራቅሞ ያመጣ ይመስል ነበር። ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ረጅሙ ድምፅ ላይ ሲደርስ መብራቱ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሞተ፤ ጆሮው ውስጥ የነበሩት ቫዮሊኖች ሞቱ፤ እሱም ደንግጦ ትንፋሹ ሲቆረጥ ሳል ያዘው፤ ሳሉም በቀላሉ አልለቀቀውም። እኔ በሩን ከፍቼ ስወጣ በሬ አጠገብ ያለው የቆጣሪ ሣጥን ክዳኑ ተከፍቶ ነበር፤ ሰው ግን የለም። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ያን ቅጂ አላወቀውም። አባቴ ክላርኔቱን ደግሞ ወደ አፉ አነሳ፤ ትንፋሽ ግን አልነበረውም። ፈታትቶ፣ እያንዳንዱን ክፍል በጨርቅ ጠርጎ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠና "በቃ፣ ደህና ነበረች እኮ" አለኝ። ከድምፁ የቀረልኝ የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው ብዬ አስብ ነበር።

ፊልሙ ከኮምፒውተር በወጣ ክላርኔት ታየ። የኮምፒውተር ክላርኔት መልካም ነው፤ አይስትም፣ አይታመምም፣ አየርም አይስብም። ተመልካቹ አላስተዋለም። እኔ ግን እስካሁን ያን ፊልም እስከ መጨረሻው ማየት አልችልም።

በስብሰባ ስጠይቅ "የሰፈሩ መብራት ነው የጠፋው" ብለው መለሱልኝ፤ መልስዎም በቃለ ጉባኤ ተያዘ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱን ሳስተካክል ግን፣ በሩ አጠገብ ጫማ መደርደሪያው ላይ፣ የክፍሉን ድምፅ ከሩቅ እንዲይዝልኝ እንደ ልማዴ ያስቀመጥኩትን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መቅጃ አገኘሁት። በባትሪ የሚሠራ ነው፤ የእርስዎን ቆጣሪ አያውቅም። ክላርኔቱ አለበት፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ግን አለበት። ቀጥሎ የማጥፊያው ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። ቀጥሎ የአባቴ ሳል። ከዚያም ከበሩ ማዶ፣ ከአባቴ ክላርኔት ይልቅ ጥርት ብሎ፣ "እስቲ አሁን ይንፋ!" የሚል የእርስዎ ድምፅና ደረጃውን እየወረደ የሚሄድ የቁልፍ ኳኳታ።

ስለዚህ ክላርኔት ባዘዙኝ ጊዜ መፈለግ አላስቸገረኝም። እንዳለ አስገብቼዋለሁ። ያን ዕለት የተቋረጡትን ቫዮሊኖች ከሥሩ አድርጌለታለሁ፤ ደወልዎና መዘምራንዎ መንገዱን ይከፍቱለታል። በፊልሙ መጨረሻ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ፈገግ በሚሉበት ሥዕል ላይ፣ እርስዎ ያቆሙበት ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለውን ንግግር ቆርጬ ማውጣት እችል ነበር። አልቆረጥኩም።

እርግጥ ሙዚቃውን ማስቀየር ሙሉ መብትዎ ነው። ነገር ግን ይህ ደብዳቤ በየፎቁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሙዚቃውም በነዋሪዎቹ የስልክ ቡድን ውስጥ ለሁሉም ደርሷል፤ የላይኛው ፎቅ ሕፃን እናት ሁለት ጊዜ እንደ ሰማችው ነግራኛለች። ሌላ ሙዚቃ ቢያስገቡም ጉባኤተኛው ፈገግታዎን እያየ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልሰጥም። አንድ ሰው፣ ድምፁ ሊጠፋ የተቃረበ አባቷን ለመቅዳት ፈቃድ የለመነችን ልጅ "አይዞሽ" ብሎ ሸኝቶ ቆጣሪ የሚያጠፋ ከሆነ፣ የእጁን ማግኘት አለበት።

ትንፋሽ ሳያጥርዎ፣ ድምፅዎ ሳይዘጋ፣ ጆሮዎም ሳይደነቁር ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎና ይህን ሙዚቃ ደጋግመው ለመስማት እንዲያበቃዎ ዘወትር የምመኝልዎ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ፣
የክላርኔት ነፊው ልጅ።

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ሙዚቃውን ለአባቴ አሰማሁት። "ተይ ልጄ፣ ጎረቤት ነው" ሲል የኖረ ሰው ስለ ሆነ፣ በእጁ ምልክት አጥፊው ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። የራሱ ክላርኔት ላይ ሲደርስ እንባው በጉንጩ ወረደ። ሲያልቅ እንደገና አለኝ በጣቱ፤ እንደገና ከፈትኩለት። ከዚያ መዳፉን ወደ ላይ እያነሳ ድምፅ እንድጨምር አመለከተኝ። ክላርኔቱን ከፍ ሳደርግለት ራሱን ነቀነቀ፣ እሱን አይደለም ለማለት። ተነስቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ በጣቱ ነካና ቀጭ አደረገው። የቆጣሪውን ቀጭታ እንዳለው ከፍ አድርጌዋለሁ።