ስለ ዋና ጠላቂያችን አሟሟትና ስለገደለቻቸው መርከብ

የባሕር ሕይወት ጥበቃና ማገገሚያ ማኅበራችን ዋና ጠላቂ የነበሩት፣ ሁላችንም «እትዬ ዛጎል» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ሥራ ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው አልፏል። ማኅበሩ መሪር ሀዘን ተሰምቶታል። ያዘንነውን ያህልም ተቆጥተናል፤ ይህንን አንደብቅም።

እትዬ ዛጎል ማኅበሩን የተቀላቀሉት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ማኅበራችን ካለበት ደሴት በስተምሥራቅ ያለው የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የተባሉት የባሕር ፍጥረታት የገነቡት አለት፣ ነጥቶ፣ ዓሣም ርቆት ነበር። ከሦስት ጎረቤት አገሮች ጠላቂዎች ጋር ሆነው የኮራል ቁርጥራጮችን ገመድ ላይ እያሳደጉ አንድ በአንድ ወደ አለቱ መለሱ።

በሰባተኛው ዓመት አራቱ አገሮች ክልሉን በጋራ ለመጠበቅ ተፈራረሙ። በዚያ ዕለት እትዬ ዛጎል ከውኃው በቀጥታ ወደ አዳራሹ ስለመጡ ምንጣፉን አረጠቡት። የጽዳት ሠራተኛችን «እትዬ፣ ባሕሩን እዚያው ቢተዉትስ?» ቢሏቸው፣ «ላስፈርመው ይዤው መጣሁ እኮ» አሉ።

ማክሰኞ የሆነው ይህ ነው። አንዲት የዓሣ ማስገሪያ መርከብ የመከታተያ መሣሪያዋን አጥፍታ ወደ ተከለለው ክልል ገባች። እትዬ ዛጎል አሥራ ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ሆነው አዲስ የተተከሉትን ኮራሎች ይቆጥሩ ነበር። የጀልባችን ነጂ በሬዲዮ «ሞተር አጥፉ! ከታች ሰው አለ!» እያለ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ካፒቴኑ የመለሰው «ከመንገዴ ዞር በል» ብሎ ብቻ ነው። ድምፁ ተቀድቷል። የባሕሩን ወለል የሚጠርገው መረብ ኮራሉንም እርሳቸውንም ጎትቶ ሄደ። ካፒቴኑ ያደረገውን ሲያውቅ መረቡን ቆርጦ ጥሎ ሸሸ። ከአምስት ሰዓት ፍለጋ በኋላ አስከሬናቸውን ከመረቡ ፈትተን ያወጣነው እኛው ነን።

የመርከቧ ባለቤት ድርጊቱን በጋዜጣ «አሳዛኝ አደጋ» ብለውታል። አደጋ አልነበረም። የመረቡን መለያ ቁጥርና የሬዲዮውን ቅጂ በማግስቱ ለአራቱም አገሮች የወደብ ኃላፊዎች ልከናል። ክልሉን የደፈረች መርከብ ወደብ እንዳትገባ የሚያዘው የስምምነቱ አንቀጽ በእትዬ ዛጎል ሙግት የገባ ነው፤ «ማን ይተገብረዋል?» ብለው የሳቁባቸው ነበሩ።

እስካሁን ሦስት ወደቦች መርከቧን መልሰዋታል። ነዳጇ እየተሟጠጠ፣ ማቀዝቀዣዋ እየጠፋ፣ የጫነችው ዓሣ እየሸተተ ነው። ከሠራተኞቿ ጋር ጠብ የለንም፤ በጀልባ አውርደን ወደየቤታቸው ሸኝተናቸዋል። ካፒቴኑ ግን ከግማቱ ጋር ይሰንብት። አራተኛው ወደብ ሊቀበላት የተስማማው ፖሊስ አስቀድሞ መድረሻው ላይ እንዲቆም አድርጎ ነው።

የመርከቧ ባለቤት በቀብሩ ላይ ተገኝተው ንግግር ለማድረግ ጠይቀዋል። አይምጡ። የላኩት የአበባ ጉንጉንም ከነሪባኑ ቢሯቸው በር ላይ ተመልሶ ተቀምጧል።

ለእትዬ ዛጎል ባለቤት፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና በአራቱም አገሮች ለሚገኙ የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። እናታቸው ግን ልናጽናናቸው ስንሄድ «ማጽናኛውን ተዉት፤ ሰውየውን አምጡልኝ» ብለውናል።

እማማ፣ እያመጣነው ነው።

የማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች