የቡሽ ሽታ

ይድረስ ለወንድሜ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

ወረርሽኙ መርከቦቹን ካስቀረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ወይን ጠፍቷል። አባባ ከወረርሽኙ ሕመም ድኖ፣ የተረፈውን ወይን በሱቁ መስኮት ይሸጣል። እንደ ድሮው ከየሣጥኑ አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ቡሹን ሳያሸት አይሸጥም።

ትናንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የገዛችውን መለሰች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኮምጣጤ ነው፤ ሰላጣ ላይ ላፍስሰው?» አለችው እየሳቀች። ቡሹን አሸተተና ዓይኑን ጨፍኖ «ምን ሆነሻል፣ የበሰለ ፍሬ ነው የሚሸተው» አላት።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ የምድጃው ጋዝ ሳይለኮስ ተከፍቶ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። አባባ አጠገቡ ተቀምጦ ያንተን ደብዳቤ ያነባል። መስኮቶቹን ስከፍት «በረደኝ እኮ ልጄ» አለኝ።

መንገድ ሲከፈት ወይን አትላክ፤ አንተው ብትመጣ ይሻላል። እስከዚያው ሰላም ሁንልን።

ከነገ ጀምሮ ከአባባ ቀድማ የምትነሳው እህትህ