የተቃጠለው የፍሬን ሸራ

ጉለሌ፣ መጋቢት 9

ለወንድም ዓለሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ አዳማ ድረስ ተከትሎህ ሄደ? ሙቀቱንስ ለመድከው? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። እኛ ክብር ለስሙ ይሁንና ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ምርኩዟን ይዛ እስከ ቸርች ትሄዳለች፤ ስትመለስ ግን ዳገቱን እንደ ሰው እየተቆጣችው ነው የምትወጣው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ደውዬ ነበር እኮ። ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ "ሰላም ነህ? ለበዓል ትመጣለህ?" ብዬ ዘጋሁት። ድምፅህን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል። ወረቀት ደግሞ ደግነቱ አያቋርጠኝም፤ አንተ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ትወዳለህ፣ አትካድ። ይህን የምታመጣልህ የአክስታችን ልጅ ሚልካ ናት። ባለፈው አንተን አይታ ስትመለስ "መጋዘን በር ላይ ጥበቃ ሆኗል፣ ደህና ነው፣ እጁ ሁሉ ጸድቶ ነጭ ሆኗል" ብላ እንደ ምሥራች ነገረችኝ። እኔ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያንተ እጅ ግራሶ ሳይነካው ይውላል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

በቃ፣ ነገሩን ልጀምረው። ቀይቱን አወጣኋት። ያቺን ሞተር ሳይክላችንን ማለቴ ነው። እማዬ እግሯ ከተሰበረበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮ ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቆማ ነበር፤ ዶሮ እንቁላል ጥላባታለች ብልህ ታምነኛለህ? ያወጣኋት ለሥራ ነው። እንጦጦ ሥር የምሠራበት ችግኝ ጣቢያ ባለቤት ወይዘሮ አበራሽ ችግኝ ለደንበኛ የሚያደርስ ሰው ፈልገው፣ "ሞተር ካለሽ ሥራው ያንቺ ነው፤ ፍሬኑን ግን በዓይኔ አይቼ ነው" አሉኝ። የሞተሯን ፈቃድ ተመላልሼ ጨረስኩ። ከዚያ እየገፋሁ አዲሱ ገበያ፣ ጋሽ ጀቤሳ ጋ ወሰድኳት።

አዎ፣ ሥራ ያስተማሩህ ጋሽ ጀቤሳ። ካንተ መሄድ ወዲህ ስምህ ሲነሳ "አፍሬበታለሁ" ነበር የሚሉት። እያወቅኩ ነው የሄድኩት። ለምን እዚያው እንደሄድኩ ራሴም አላውቅም፤ ምናልባት እንዲታወቅብኝ ፈልጌ ይሆናል።

የፊቱን ፍሬን እንዳዩ "በዚህ ታምቡር እንጦጦ አይወረድም፣ ዲስክ ነው የሚገባላት" አሉ። አንተም ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ አልነበር? የትልቅ ሞተር ስብርባሪ ነበራቸው፤ ከሱ ላይ ጎማውን፣ ጎማውን የሚይዙትን ሁለት እግሮች፣ ዲስኩን፣ የዘይት ዕቃውን ሁሉ ፈትተው ለቀይቱ ሊገጥሙላት ተስማማን። አሮጌው ግን መጀመሪያ መፈታት ነበረበት።

የፊቱን ታምቡር ከፈቱ። ከውስጥ እየተጫኑ ጎማውን የሚያቆሙትን ሸራዎች በጨርቅ ጠርገው ወደ ብርሃን አንስተው አገላበጧቸው። ከዚያ የኋላውንም አስፈቱኝ። እሱም ያው ነው። ሸራው ጠቁሮ፣ ልሙጥ ሆኖ፣ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ታምቡሩ ራሱ በግለት ሰማያዊ ሆኗል። ማን እንደገጠመው አልጠየቁኝም፤ ስፕሪንጉን አንተ እንዴት እንደምትቆልፈው ያውቃሉ፣ ያሳዩህ እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "ይሄ ሸራ አዲስ ነበር። አገጣጠሙም እንከን የለውም። ያቃጠለው የገጠመው ሰው አይደለም፤ ሞተር አጥፍቶ በቁልቁለቱ የለቀቃት ሰው ነው።"

ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ጎማ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ዓመት ልጁን በከንቱ ሳማው ኖርኩ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ወንድሜ፣ እኔ አውቀው ነበር።

ያገራችንን ባለ ሞተሮች አመል ታውቀዋለህ። ከእንጦጦ ሲወርዱ ማርሽ አውጥተው ሞተር ያጠፋሉ፤ "ቁልቁለት ነዳጅ አይጠይቅም" ይባላል፤ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሳያስነሳ የደረሰ ጎበዝ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ የማደያው ሰልፍ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። አንተ ያን እሑድ ጠዋት ሁለቱንም ሸራ ቀይረህ ስትጨርስ፣ "አደራሽን ሞተር አታጥፊ፤ በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝሻል" አልከኝ። እሺ አልኩህ። እሺ ማለት መቼ ቸግሮኝ ያውቃል?

ከአክስቴ ደሳለች ቤት ስንመለስ እማዬን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ እንጦጦ አናት ላይ ቁልፉን አጠፋሁት። ፍሬኑን ይዤ፣ ይዤ፣ ይዤ ወረድኩ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የሚያር ነገር ሸተተኝ። ሦስተኛው ላይ ብጨብጠውም ብረግጠውም የሚይዝ ጠፋ። የቀረውን ታውቀዋለህ።

ሆስፒታል በግራሶ እጅህ ሮጠህ ገባህ። ማንም ሳይጠይቅህ "እኔ ነኝ፤ ጠዋት ፍሬኑን የነካሁት እኔ ነኝ" ብለህ ግድግዳው ላይ ተደገፍክ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም፣ መልሼ ዘጋሁት። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ የሚባለው እንዴት ያለ ውሸታም ነው! በሳምንቱ ማቲ ጎሚስታው "የገዛ እናቱን እግር የሰበረ መካኒክ" እያለ ማውራት ጀመረ። በወሩ ዊንጌት የምትሠራበት ኮንቴይነር ፊት የሚቆም ሞተር ጠፋ። በሦስተኛው ወር መፍቻዎችህን ሸጠህ ተነሳህ። እኔም ሻንጣህን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁህ። ሻንጣህን ተሸክሜ፣ ወንድሜ። ያን ሳስታውስ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

እንግዲህ ከጋሽ ጀቤሳ ጋ ወጥቼ በቀጥታ ቤት ሄድኩ። እማዬ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። ሳልቀመጥ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ሁሉንም ነገርኳት። ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እግርሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ምንም አላጠፋም አልኳት። ቀና አላለችም። አንዲት ጠጠር አገኘች፣ ወደ ውጭ ጣለቻት።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ከኋላሽ ነበርኩ" አለችኝ። "ሞተሩ ዝም ሲል የወፍ ድምፅ ሰማሁ። እንዴት ደስ ይላል ብዬ ነበር።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። ገባህ? እኔ ከሷ ስደብቅ፣ እሷ ከኔ ስትደብቅ፣ ባንድ ትሪ እየበላን።

ጮህኩባት። እናቴ ላይ ስጮህ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፣ ይስማ። ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ቀስ ብላ ነገረችኝ። አንተ ሆስፒታል እኔ ነኝ ስትል፣ እኔ ጥግ ይዤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር አሉ። ልጅቷ ስስ ናት፣ ይህን ብትሸከም ትሰበርብኛለች፤ ወንድሟ ትከሻው ይችላል፣ ነገሩ እስኪረጋጋ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ ቀኑ ቀንን እየጎተተ አፏ ላይ ቁልፍ ሆነባት። ወንድሜ፣ አንተ ፊቷን ስታዞርብህ ቂም ይዛብኝ ነው ብለህ ነው የሄድከው፣ አይደል? አፍራ ነው። አንተን ማየት እያቃታት ነው። ይህን ስትነግረኝ ምስሩ ሁሉ መሬት ፈሰሰ፣ ሁለታችንም እያለቀስን ለቀምነው። ራታችን ላይ አፈር ነበረበት፤ ግን በላነው።

በማግሥቱ ዊንጌት ወረድኩ። ማቲ ጎማ እየነፋ፣ አጠገቡ አምስት ስድስት ባለ ሞተሮች ተቀምጠው ነበር። ደህና ነው፣ ሰው በዛልኝ ብዬ ሁሉንም እዚያው ተናገርኩ፤ የተቃጠለውንም ሸራ ከቦርሳዬ አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየው። ሳቅ ያውቃል፣ ቀልድ ያውቃል፣ ያን ቀን ግን ሸራውን መልሶልኝ ወደ ጎማው ዞረ። በኋላ ላይ ተከትሎኝ መጥቶ፣ ያንተን ደንበኞች ወደ ወዳጁ ጋራዥ ይልክ እንደነበር ነገረኝ። አፈር ልሼ ይቅርታ እንደምጠይቀው ንገሪው ብሎኛል። እኔ ነግሬሃለሁ፣ የቀረውን አንተ ታውቃለህ። ኮንቴይነርህን የያዘው ሰው ደግሞ ሊለቅ ነው፤ አከራዩን አናግሬው "እሱ ከሆነ ይምጣ" ብሏል።

የዲስኩን ነገር ሳልነግርህ! ገብቶልሃል። ዘይቱ ተሞላ፤ ጋሽ ጀቤሳ አየሩን ለማስወጣት እኔን መያዣውን "ጨብጪ፣ ልቀቂ" እያሉ ከሰዓቱን ሙሉ አደከሙኝ። ከዚያ ከወርክሾፑ ጀርባ ሜዳው ላይ ሞከርኳት። እኔ ሞኟ እንደ ድሮው ባራት ጣቴ ጨበጥኩና ከመሪው በላይ ልወረወር ስል ለጥቂት ተረፍኩ። ጋሽ ጀቤሳ በሳቅ ፍርስ አሉ። በሁለት ጣት ነው፣ ለካ። ስትይዝ ሰው እጅህን እንደሚይዝህ ቀስ ብላ፣ ግን አጥብቃ ነው የምትይዘው። መጀመሪያ የመጣልኝ አንተ ብታየው የሚለው ነበር።

ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ከላይ መጻፍ ነበረብኝ፣ ፈራሁና እዚህ ድረስ ጎተትኩት። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ስምህን ያጠፋሁት በአፌ አይደለም፣ በዝምታዬ ነው፤ እሱ ይብሳል። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ ዓመት አታናግረኝ፤ ብቻ የእናትህን እግር የሰበርክ እየመሰለህ አንድም ቀን እንዳታድር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቀይቱ አሁንም ጋሽ ጀቤሳ ጋ ናት። የፊቱ ካለቀ በኋላ ሐሙስ ዕለት የኋላውን በአዲስ ሸራ ሊገጥሙ ሲሉ እማዬ በታክሲ መጣች። ከወደቅንበት ቀን ወዲህ ሞተር ያለበት ቦታ ቀርባ አታውቅም። ከመለዋወጫ ሱቅ ራሷ መርጣ የገዛችውን ሸራ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች። መሐረቡን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ጋሽ ጀቤሳ መፍቻ ሲያነሱ እጃቸውን ያዘቻቸው።

"የኋላውን እርስዎ አይንኩት" አለቻቸው። "እኔ የምቀመጠው ከኋላ ነው። ልጄ መጥቶ ይግጠምልኝ።"

ጋሽ ጀቤሳ መፍቻውን መልሰው ሰቀሉት።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ እጅህን ይባርክ፤ ከክፉ ሁሉ ይሸሽግህ። መልስ አትጻፍ፣ ና።

ያጠፋችብህና የምትወድህ፣
ታናሽ እህትህ