ከአንጁሎ ቤት የመጣው ቃሬዛ

አስካለዬ፣ የቤቴ ሙቀት፣

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ሞላ። ማንበብ እንደማትችዪ አልረሳሁም፤ ስለዚህ የምጽፈውን ጮክ ብዬ እያነበብኩልሽ ነው። ቅድም ብርቄ ከጓዳ ሆና «አባባ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» ብትለኝ፣ የሰው አቤቱታ እያነበብኩ ነው አልኳት። ከእናትሽ ጋር ብላት ታለቅሳለች ብዬ ነው። ውሸት ከዚህ ቤት ገና ተጠራርጎ አልወጣም ማለት ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ከጓሮ የተከልሻቸው እንሰቶች በቁመት አጥሩን አልፈዋል። ጎረቤቶች መጥተው ሁለቱን ፍቀውልን ቆጮ አለን፤ እኔ ስጋግረው ግን ወይ ያርራል ወይ አይበስልም፣ መሃሉን እስካሁን አላገኘሁትም። ላማችን ወልዳለች። ብርቄ ጸጉሯን ራሷ መሥራት ጀምራለች፤ የቀኙ ጉንጉን ሁልጊዜ ከግራው ይወፍርባታል፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ሶዶ ገበያ የሚወራው ሁሉ የጣልያን ነገር ነው። ግራዝማች ወልዴ በየማለዳው ጠመንጃቸውን ይወለውላሉ። ክተት ከታወጀ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ወንድ አይቀርም ይባላል። እኔን ግን ከጦርነቱ ይልቅ ሲያስፈራኝ የከረመው በመጪው ወር የሚደርሰው ሙት ዓመትሽ ነበር። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ትንሽ ታገሺኝ።

ረቡዕሽ አለ። አሁን ሰው ሁሉ «የአስካለ ረቡዕ» እያለ ነው የሚጠራው። ከሰዓት በኋላ ዝግባው ሥር ይሰበሰባሉ፤ ግራዝማች በበርጩማቸው ላይ፣ ሌላው ሣሩ ላይ።

ማኅበሩን ስትጀምሪው ስድስት ሰው ነበርን። ጎረቤታችን ሚስቱን በጀርባው አዝሎ ወደ ፈረንጁ ሐኪም ሲወርድ፣ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እያየ «እግዜር ይማርልህ» ብሎ ማለፉ ነው ያንገበገበሽ። እግዜርማ ይማር፤ ሰውስ ምን ሠራ? አልሽ። በማግስቱ ዞረሽ ሰው ለቀምሽ። የመሰብሰቢያው ቀን ሲመረጥ የኛዎቹ እሑድ አሉ፣ ከፈረንጆቹ ሚሲዮን አዲሱን ሃይማኖት የያዙት እሑድ ጸሎት አለን አሉ፤ ቅዳሜ ስንል ገበያ ሆነ። አንቺ ረቡዕ አልሽ። በጾም ቀን ድግስ የለም፣ ድግስ ከሌለ ፉክክር የለም፣ ፉክክር ከሌለ ጠብ የለም ብለሽ ግራዝማችን አፋቸውን አስያዝሻቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ቅቅል ጎደሬና ቆሎ ነው፤ ማንም በማንም ድግስ አልቀናም።

እኔን ጸሐፊ አደረጋችሁኝ። የማን ቤት ክዳን እንደሚታደስ፣ ምንጩን ማን እንደሚጠርግ፣ የወንዙን ድልድይ እንጨት ማን እንደሚያመጣ እጽፍ ነበር። አርፍዶ የመጣ ሰው ቅጣቱ ለአንዲት አሮጊት ሁለት እንስራ ውኃ መቅዳት ነው፤ እሱንም እጽፋለሁ። አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ የኔን መዝገብ ታርሚ ነበር። «ጸሐፊ፣ ባለፈው ረቡዕ እንዲህ አልተባለም» ትዪኛለሽ በሰው ፊት። እኔ እናደዳለሁ፤ ገልጬ ሳየው ያልሽው ልክ ነው። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩሽም።

ቃሬዛው የመጀመሪያ ሥራችን ነበር። ሁለት ረጅም ቀርቀሃ፣ መሃሉ በጠፍር የተጠላለፈ። ከኛ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከዳሞታ እስከ ጉኑኖ መንገድ ድረስ የታመመ ያለበት ሰው ሮጦ የሚመጣው ወደኛ ደጃፍ ነበር። አንዳንዴ እኛ እየበላን በላያችን ላይ አውርደውት ይወጡ ነበር።

ከብርቄ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ስታረግዢ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ፍርሃቴም እንደዚያው። አንዲት አሮጊት ያረገዘች ሴት ባለችበት ቤት ቃሬዛ አያድርም፣ ሞት ይጠራል አሉኝ። አንቺ ስትሰሚ ሳቅሽ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። በየረቡዑ ሟርት በሚፈሩት ላይ የምቀልደው፣ ዳዊት ደጋሚው፣ ግድግዳውን እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። ወደ እናትሽ ቤት የሄድሽ ዕለት ረፋድ ላይ አውርጄ ከወንዙ ማዶ ወደ ማኅበርተኛችን ወደ አንጁሎ ቤት ወሰድኩት። አንጁሎን የመረጥኩት አዲሱን ሃይማኖት ከያዘ ወዲህ ሟርት ስለማይፈራ ነው። አስካለ እስክትወልድ አንተ ጋ ይቆይ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ይስቁብኛል አልኩት። እሺ አለኝ።

የማኅበሩ ዕቃ ያለበት ቦታ ሲለወጥ በረቡዕ ስብሰባ መነገር እንዳለበት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልተናገርኩም። አንቺ ተመልሰሽ ባዶውን ግድግዳ አይተሽ ስትጠይቂኝ፣ ጠፍሩ ላልቶ ለቆዳ ሠሪው ሰጠሁት አልኩሽ። አመንሽኝ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። እኔ ለመሬት ክርክር ዳኞቹን ተከትዬ ወደ ተበላ አገር ወርጄ ነበር። ምጡ ጊዜው ሳይደርስ በማለዳ መጣብሽ፤ ደሙም አልቆም አለ። ሴቶቹ ቃሬዛ ቢሉ፣ አንቺው፣ የኔን ስም ሳታነሺ፣ ጠፍሩ ላልቶ ቆዳ ሠሪው ጋ ነው አልሻቸው። ወጣቶቹ ወደ ቆዳ ሠሪው ሮጡ። ቅርብ ነው፣ አሁን ይመጣል ተብሎ ሌላ ነገር ሳይበጅ ተጠበቀ። ቆዳ ሠሪው ቃሬዛ የሚባል አላየሁም ብሎ መለሳቸው። አንጁሎ ከእርሻው ላይ ጩኸቱን ሰምቶ ቃሬዛውን ተሸክሞ ወንዙን ሲሻገር ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ነበር።

ከተበላ ስመለስ ከሶዶ በላይ ካለው ዳገት ላይ ተገናኘን። አንጁሎ የፊቱን እንጨት ይዟል። ፊትሽ ተሸፍኖ ነበር። ስሙን ያላወጣንለትን ልጃችንን ካንቺ ጋር አንድ ላይ ቀበርነው።

አስካለ፣ እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ኃጢአት ነው።

ከቀብርሽ በኋላ በሦስተኛው ረቡዕ ላይ ነገሩ ተነሣ። ቃሬዛው ከቆዳ ሠሪው ቤት ካልተገኘ፣ እንዴት ከአንጁሎ ቤት መጣ? አንዱ ለራሱ ጉዳይ ወስዶት ነው አለ። ሌላው ደግሞ፣ እነዚህ የአዲስ ሃይማኖት ሰዎች እኮ፣ ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ግራዝማች ወደኔ ዞረው «ጸሐፊ፣ አንተ ምን ታውቃለህ?» አሉኝ። አንጁሎ ፊት ለፊቴ ነበር። አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ እኔ አላውቅም አልኩ።

እሱ አልተናገረም። ከማኅበሩ ይውጣ ተባለ። መዝገቡ ላይ ስሙን የሰረዝኩት በዚህ እጄ ነው። ከዚያ ወዲህ ክዳኑ ሲያፈስ የሄደለት የለም፤ ሚስቱ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ነቀዘ፤ በልቶ ጨረሰኝ። ሐዘንተኛ ነው እያሉ ሰዎች እጄን ሲይዙኝ፣ እጄን ነጥቄ ብሸሽ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ የአንጁሎ እናት ሞቱ። ዝናቡ ለሦስት ቀን አላባራም ነበር። አንጁሎና ሁለት አማቾቹ ብቻ ጭቃ ውስጥ ቆመው መቃብር ሲቆፍሩ ከደጃፌ ሆኜ ይታየኝ ነበር። ጉድጓዱ ውኃ እየሞላ፣ እየጨለፉ ይቆፍራሉ። አንቺ ብትኖሪ አካፋሽን ይዘሽ ቀድመሽ ትወጪ ነበር። እኔ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ሙት ዓመትሽ ለምን እንዳስፈራኝ አሁን ገባሽ? ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ስለ ደግነትሽ ሊያወራ ነው፤ ያንቺን እንጀራ ቆርሰው፣ አንጁሎን ረግመው ሊሄዱ ነው። ያንን መቻል አቃተኝ።

ባለፈው ረቡዕ መዝገቡን ዘግቼ ተነሣሁና ሁሉንም ተናገርኩ። አሮጊቷ ያሉኝን፣ ያወረድኩበትን ቀን፣ ለአንቺ የዋሸሁትን፣ እዚያው ዝግባ ሥር አላውቅም ያልኩትን። ስጨርስ የጎደሬው ሳህን እንኳ አልተነካም። ግራዝማች «እኛን ለጊዜው ተወን፤ ሂድና መጀመሪያ ለእሱ ንገር» አሉኝ።

ሄድኩ። አንጁሎ በር ላይ ገመድ ይፈትላል። ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዘኝ። አማርኛው ሴትና ወንድ እንደማይለይ ታውቂያለሽ፤ አንቺንም እንደ ወንድ ነው የሚያነሣሽ። «ጸሐፊ፣ ተቀመጥ። ለአንተ ቃል ሰጠሁ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ለአንተ ብቻ አይደለም ዝም ያልኩት። አስካለ ጠየቀኝ» አለኝ።

መንገድ ላይ፣ ቃሬዛው ላይ ሆነሽ፣ ሌሎቹ ሳይሰሙ ከየት አመጣኸው ብለሽዋል። ለታመመ ሰው አልዋሽም ብሎ እውነቱን ነግሮሻል። «ሳቀ» አለኝ። «በእግዚአብሔር ስም፣ ሳቀ። ባሌ ፈሪ ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው የፈራው፣ እንዳትነግርበት አለኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተናገረም።» ገመዱን መፍተል ቀጠለ። ቀና ሳይል «እናቴን ስቀብር ብቻ ከበደኝ» አለ።

አስካለ፣ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። በቀብርሽ ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ በዚያ መንገድ ላይ ምን እንዳሰብሽ ስጠይቅ ነበር። ረገምሽኝ ወይ? ጠራሽኝ ወይ? አሁን አወቅሁ፤ ውሸቴን አውቀሽ፣ ስቀሽ፣ ሸፍነሽኝ ሞትሽ። እንዲህ መወደዴን ሳውቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ልንገርሽ፣ ተቆጣሁሽ። ባትሸፍኚኝ ይሻል ነበር። ያንቺ መጎናጸፊያ እኔን ሲያለብስ አንጁሎን አራቆተው። ይህንን ብታውቂ ኖሮ እንደማታደርጊው አውቃለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አንቺ እውነቱን ራሴ የምናገር መስሎሽ ነበር።

ማኅበሩ አንጁሎን መለሰው፤ ግራዝማች ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። እኔ እሱ ውጭ የቆየበትን ያህል ውጭ እንድቆይ ተፈርዶብኛል። ልክ ነው። መዝገቡንም አስረክቤያለሁ። ትናንት ረቡዕ የአንጁሎን እናት መቃብር በድንጋይ ሊከምሩ ሲወጡ ከሩቅ ተከተልኳቸው። ግራዝማች አዩኝና ድንጋይ ለመሸከም አባል መሆን አያስፈልግም አሉ። እስኪመሽ ተሸከምኩ። አንጁሎ ብቻ አንድ ጊዜ ውኃ አቀበለኝ።

ለሙት ዓመትሽ እሱንና ሚስቱን ቀድሜ ጠርቻለሁ። ሰው ሁሉ ስለ ደግነትሽ ሲያወራ፣ እኔ ደግሞ ተነሥቼ መንገድ ላይ የሳቅሽውን ሳቅ እነግራቸዋለሁ፤ ምን እንዳሳቀሽም ጭምር። ለብርቄም፣ ከሰው ጥቂት ሰምታ ይሆናል፣ ከእነሱ በፊት በራሴ አፍ፣ ነገ ጠዋት፣ ጸጉሯን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ። ትጠላኝ ይሆናል። ሰው የሞተበትን ሲያስብ መልካም መልካሙን እየመረጠ ነው፤ እኔ ግን መምረጥ አልችልም። አንቺን ባስታወስኩ ቁጥር ያንን ማክሰኞ አስታውሳለሁ፣ ያንን ማክሰኞ ባስታወስኩ ቁጥር የእናቱን ጉድጓድ ውኃ የሚጨልፈውን ሰው አስታውሳለሁ። እስክንገናኝ ድረስ አንቺን፣ ልጃችንንና አንጁሎን፣ ሦስታችሁንም አልረሳም።

ፈሪው ባልሽ