በሐምሌ የማልመጣበት ምክንያት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ ስናወራ ቁጭ ብድግ ስትዪ ይሰማኝ ነበር፤ «ደህና ነኝ» ብትዪኝም አላመንኩሽም። አባባስ ምግብ ይወስዳሉ? መድኃኒቱን ምላሳቸው ሥር ደብቀው መትፋቱን ተዉ ወይስ አሁንም እንደ ሕፃን ትቆጪያቸዋለሽ? ጋሼስ? ልጆቻችሁስ? እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ። ድካሙ ግን ተኝተው የሚገላገሉት ዓይነት አይደለም፤ አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሣል።

የምነግርሽን ነገር በስልክ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘግቻለሁ። ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልብሴን አጥቤ መስኮቱ ላይ አስጥቻለሁ፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ቤተሰቧ ጋ ሄዳለች። ስለዚህ ማምለጫ የለኝም።

የተማሪዎች አማካሪ ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው ያልኩ ዕለት አባባ ምን እንዳሉ ታስታውሻለሽ? «ለመምከር ደግሞ ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ? እኔ ዕድሜ ልኬን በነፃ ስመክር ኖሬ ማን ሰማኝ?» እውነታቸውን ነው። እዚህ የሚያስተምሩን መምከርን ሳይሆን መስማትን ነው፤ እሱ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሒሳብ ሲያስረዳ ለኖረ ሰው ጭንቅ ነው። በተግባር ልምምዱ ከተማሪ ጋር የተነጋገርነውን እየቀዳን ለተቆጣጣሪዋ መምህራችን እናስረክባለን። እሳቸውን «እመት ዝምታ» እንላቸዋለን። የመጀመሪያውን ቅጂዬን ሰምተው፣ «ልጅቷ ሦስት ደቂቃ ተናገረች፤ አንቺ አሥራ ሰባት» አሉኝ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች፣ ማዘር እያሉ የሚጠሩኝ፣ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔም ሳቅሁ፤ ክፍሌ ስገባ ግን አለቀስኩ።

ልምምዴን የምሠራበት ትምህርት ቤት የሰጠኝ ክፍል የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ነው። አየራቸው የወጣ ኳሶች ጥግ ላይ ተከምረዋል፤ ሁለት ወንበር አለ፣ አንዱ ያነክሳል። እዚያ ነው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ክፍል ውስጥ እየተኛች አስቸገረች ተብላ የተላከችልኝ። አራት ሳምንት ሙሉ መጥታ ያንን የሚያነክስ ወንበር ወዲህና ወዲያ ከማንቀሳቀስ በቀር ምንም አላለችም። እኔም ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። በአምስተኛው ሳምንት፣ «መምህር፣ መንታ ሕፃናት ሲያለቅሱ የትኛውን ነው መጀመሪያ የሚያነሡት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሁሉም ወጣ። እናቷ ከወለዱ ጀምሮ ከአልጋ አልተነሡም፤ አባት የለም፤ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ።

ቃሌን ጠበቅሁ እታለም። ያጠፋሁትም እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለብቻ መያዝ እንደማይገባ፣ ለተቆጣጣሪዬና ለትምህርት ቤቱ መንገር እንዳለብኝ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ። ልጅቷ አራት ቀን ስትቀር፣ የክፍል ኃላፊው መምህር ነገም ካልመጣች ስሟን እሰርዛለሁ ሲል፣ አድራሻዋን ከመዝገብ ቤት ወስጄ ለማንም ሳልናገር ቤቷ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው አንዱን መንታ በጀርባዋ አዝላ፣ እጇ እስከ ክርኗ በሳሙና አረፋ ተውጦ ነው። እናትየው ከውስጥ፣ «ልጄን ልትወስዱብኝ ነው የመጣችሁት?» ብለው ጮኹ። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «አልናገርም ብለውኝ አልነበር?» አለችና በሩን ዘጋችው። አልተናገርኩም ነበር፤ ግን ለተዘጋ በር ምን ይባላል?

በማግስቱ ራሴ ሄጄ ለእመት ዝምታ ተናዘዝኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና የዚያኑ ቀን ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዱ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ተላከች፤ እናትየው ሕክምና ጀመሩ፤ አክስቷ ጠዋት ጠዋት መንታዎቹን እንድትይዝ ተስማማች፤ የክፍል ኃላፊውም እያጉረመረመ ስሟን መለሰ። ልጅቷ እየተማረች ነው። እኔ ክፍል ግን አትመጣም። ግቢ ውስጥ ስታገኘኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ለእኔም እመት ዝምታ፣ «ልብሽ ደግ ነው፤ ግን ደግ ልብ ብቻውን ሰው ይጎዳል» ብለው ልምምዱን ከመጀመሪያው እንድደግም ወሰኑ። ተጨማሪ ስድስት ወር ማለት ነው። አልተከራከርኳቸውም፤ ልክ ናቸው።

ስለዚህ በሐምሌ ጨርሼ መጥቼ አባባን እረከብሻለሁ ያልኩት ቀረ። ሁለት ዓመት ለብቻሽ ያስታመምሽው ሳያንስ ሌላ ግማሽ ዓመት ጠብቂኝ እያልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ የምጽፍልሽ ይህንን ነው።

እዚያ በር ላይ ያየሁትን ልጨምርልሽ። ያየሁት አንቺን ነው። እማማ በታመሙ ጊዜ አንቺ ስምንተኛ ክፍል ነበርሽ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ጎንጉነሽ፣ ደብተሬን አስይዘሽ ወደ ትምህርት ቤት የሸኘሽኝ አንቺ፣ ተመልሰሽ ወደ ቤት የገባሽው አንቺ። ስምሽን የሰረዘው መምህር አንድ ቀን እንኳ በራችንን አላንኳኳም። እኔም አድጌ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ «አንቺ ምን ልትሆኚ ፈልገሽ ነበር?» ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን እጠይቅሻለሁ። እንደ ልማድሽ «እኔ ምን አለብኝ» ብለሽ አትለፊኝ። መጠበቁንም ካልቻልሽ «አልችልም» በይኝ፤ ትምህርቱን አቋርጬ እመጣለሁ፣ ቂምም አልይዝም። ግን «ግድ የለም» እንዳትዪኝ። ግድ አለ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጃቸው ዝም ማለት መማሯን ንገሪያቸው፣ አያምኑም። ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ እንድትበረታ፣ ትንሹ ደግሞ ያንን የወለቀ ጥርሱን እንዲያሳየኝ ፎቶ እንዲልክ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋንም አንድ ቀን አባባን ይዛልሽ አንቺ እንድታርፊ ራሴ እለምናታለሁ፤ ደብዳቤዋ ከዚህ ጋር አለ፣ ሳትከፍቺ ስጫት።

እህትሽ፣ መልስሽ እስኪደርሰኝ ጆሮዋን የሰጠችሽ

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ግንቦት ፱ ቀን